ከምረቃ እስከ ጥቁር ሰሌዳ፦ በጎንደርና በአካባቢዋ ማስተማር ለሚጀምሩ አዲስ ምሩቃን

በመምህርነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ከእነዚህም ዓመታት ብዙዎቹን ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ ተመርቀው የመጡ ወጣቶችን በአማካሪ መምህርነት ይዤ አሳልፌአለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ ቆርጠው ሙያውን ሊለቁ ሲያስቡ ያገኘኋቸው አብዛኛዎቹ የትምህርት ዓይነታቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። የጎደላቸው ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ተማሪ ምን እንዳልገባው የሚያውቁበት ዘዴ ነው። ስለዚህ ቅጥርን፣ ሰነድንና ምደባን የሚመለከተውን ባጭር ባጭሩ አስቀድሜ፣ ሰፊውን ቦታ ለመማሪያ ክፍሉ እሰጣለሁ።

ቅጥርና ሰነድ

በመጀመሪያ የያዛችሁትን ዲግሪ መርምሩ። በትምህርት ዘርፍ የተመረቀ ሰው የማስተማር ዘዴ ኮርሶችንና የተግባር ልምምዱን አብሮ ወስዷል፤ በፊዚክስ፣ በታሪክ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ተመርቆ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የሚፈልግ ግን ፒጂዲቲ እየተባለ የሚጠራውን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ መውሰድ ይጠበቅበታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ አምጥቶ ላለፈ ተማሪ በመሆኑ፣ የፈተናውን ውጤት ማረጋገጫም ከሌሎች ማስረጃዎቻችሁ ጋር በአንድ ፋይል አስቀምጡ።

ክፍት የሥራ ቦታን በሚመለከት ብዙ ምሩቃን የሚሳሳቱት ከተማዋን ብቻ በማየት ነው። የጎንደር ከተማ የራሷ ትምህርት መምሪያ አላት፤ የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን በሦስት ከተከፈለ ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ጎንደር ዞን መቀመጫ እዚሁ ጎንደር፣ የሰሜን ጎንደር ደባርቅ፣ የምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃ ነው። ፒያሳና ማራኪ አካባቢ የተለጠፈውን አንብቦ «ቦታ የለም» ብሎ ቤት ከመቀመጥ በፊት የደምቢያን፣ የወገራን፣ የበለሳን፣ የጭልጋንና የአርማጭሆን ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በአካል ሄዶ ወይም እዚያ በሚሠራ ሰው በኩል መጠየቅ ያስፈልጋል። የምዝገባ ጊዜው ብዙ ጊዜ ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ ማስታወቂያው ሲወጣ ሰነድ ማሰባሰብ የሚጀምር ሰው ይዘገያል። የጊዜያዊ ዲግሪውን፣ የውጤት መግለጫውን፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃውን፣ የቀበሌ መታወቂያውንና የፋይዳ ቁጥሩን ከነቅጂዎቻቸው አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም ማውጣት ይገባል። የጤና ምርመራና የአሻራ ማስረጃ ግን ጊዜ ስለሚያልፍባቸው ሲጠየቁ ቢሠሩ ይሻላል።

በግል ትምህርት ቤት ለመቀጠር የምታስቡ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ ደመወዙ የሚከፈለው ለ12 ወር ነው ወይስ ለ10 ወር? ሐምሌና ነሐሴ ያለ ደመወዝ የሚያልፉበት ውል አለ፤ ይህን ሰኔ ላይ መስማት የሚያስከትለውን የኑሮ ችግር አይቻለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የጡረታ መዋጮም ከሠራተኛው 7 ከመቶ፣ ከአሠሪው 11 ከመቶ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቱ በስማችሁ የሚያስገባ መሆኑን ከመጀመሪያው ወር ደመወዝ ጀምራችሁ አረጋግጡ።

ወደ ምደባው ቦታ

የመጀመሪያው ምደባ ብዙውን ጊዜ ከከተማ ራቅ ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለቆዩ፣ አስቀድሞ ሊጣራ የሚገባው ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ተማሪ ተቀብሎ እያስተማረ መሆኑና መንገዱ ለጉዞ የሚያስተማምን መሆኑ ነው። ይህንንም ከጽሕፈት ቤቱ በተጨማሪ እዚያው ከሚኖሩ መምህራን መስማት ይበጃል።

የአየሩ ነገርም ቀላል አይደለም። ደባርቅና ዳባት የሚመደብ ሰው ጋቢና ወፍራም ልብስ ሳይዝ አይሂድ፤ ወደ መተማና ቋራ ቆላ ወይም ጣና ዳር ወዳለው ደምቢያ የሚሄድ ደግሞ አጎበር መያዝ አለበት፤ ወባ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ግማሹን ሊወስድበት ይችላል። የመጀመሪያ ደመወዝ ደግሞ መዝገብ እስኪከፈት ድረስ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ቢያንስ የአንድ ወር ተኩል የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ይዛችሁ ሂዱ።

«ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በተቀጠርሁበት ዓመት በደምቢያ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በክፍሉ 64 ተማሪዎች ነበሩ። ክፍልፋይ ያለባቸውን እኩልታዎች ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ካብራራሁ በኋላ «ገባችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ አንዲት ጥያቄ ብቻ በሰሌዳ ላይ ጽፌ በግማሽ ሉክ ወረቀት እንዲሠሩልኝ አደረግሁ፤ ጥያቄዋም የአንድ ቁጥር 1/2 እና የዚያው ቁጥር 1/3 ሲደመሩ 10 ይሆናሉ፣ ቁጥሩ ስንት ነው የምትል ነበረች። መልሱ 12 ነው፤ ግማሹ 6፣ ሲሶው 4 ነውና። ወረቀቶቹን ማታ ሳገላብጥ 12 ብለው የጻፉት ዘጠኝ ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። የቀሩት ግን በየወረቀታቸው የተለያየ ነገር አልጻፉም፤ አብዛኛዎቹ 25 ብለዋል።

በንዴት ወረቀቶቹን ይዤ በትምህርት ቤቱ ለረጅም ዘመን ሒሳብ ያስተማሩ አንድ አንጋፋ መምህር ዘንድ ሄድሁ። ሰነፎች መሆናቸውን ያረጋግጡልኝ ዘንድ ነበር የፈለግሁት። እሳቸው ግን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ «ልጄ፣ የሰነፈ ሰው መልሱ ይበታተናል፤ እነዚህ ሁሉ አንድ መልስ የጻፉት አንድ ነገር ስለሚያምኑ ነው» አሉኝ። እውነትም ተማሪዎቹ 1/2 እና 1/3 ሲደመሩ ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምረው 2/5 ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር፤ በዚህ እምነት ከተሠራ 25 የሚለው መልስ ራሱ ስሕተት በሌለበት ስሌት የተገኘ ነው። ችግሩ የዘጠነኛ ክፍል አልነበረም፤ ምናልባት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ማንም ሳያየው አብሯቸው ያደገ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ድፎ ዳቦ ይዤ ገባሁ። ግማሹን ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና «በዚህ ላይ ከሌላ እኩል ድፎ ሲሶውን ብንጨምር ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ይበልጣል አሉ። ቀጥዬ 2/5 ከግማሽ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ «ያንሳል» አለች። ግማሽ ላይ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ ነገር ሊመጣ እንደማይችል ራሳቸው አዩት። ከዚያ በኋላ የጋራ ታሕት ማግኘትን ለማስተማር ሃያ ደቂቃ በቃኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ትቼዋለሁ፤ የማማክራቸውን ጀማሪዎችም እንዲተዉት እነግራቸዋለሁ። ተማሪ መምህሩን ያከብራል፣ በጓደኞቹ ፊት ማፈር አይፈልግም፣ ስለዚህ «አዎ» ይላል። በምትኩ ከክፍለ ጊዜው መጨረሻ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ አስቀሩና አንድ ጥያቄ ብቻ ስጡ፤ ወረቀቱን ሰብስቡ፤ ማርክ አትስጡበት። ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ ወረቀቶቹን በትክክለኛና በተሳሳተ ሳይሆን በስሕተቱ ዓይነት ክምር ክምር አድርጋችሁ ለዩአቸው። ትልቁ ክምር የነገው ትምህርታችሁ መጀመሪያ ነው። ለ64 ተማሪ ይህ ሥራ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጊዜ ቢደረግ ይበቃል።

ይህ ዘዴ ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር ሊሆን አይገባውም። በአቋቋም ትምህርት በምትታወቀው በዓታም ሆነ በሌሎቹ የአብነት ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የተሰጠውን ቀለም በየኔታ ፊት በቃሉ ሳያሰማ አዲስ ቀለም አይቀጽልም፤ የኔታ እያንዳንዱ የት እንደደረሰ የሚያውቁት እያንዳንዱን ስለሚያደምጡ ነው። እኛ ስድሳና ሰባ ተማሪ ይዘን ሁሉንም በየዕለቱ ማድመጥ አንችልም፤ ግማሽ ሉክ ወረቀት ግን የማድመጡን ሥራ በከፊል ይሠራልናል።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትን ማስታወስ ይበቃል፤ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት በ12ኛ ክፍል የተፈጠረ አይደለም፤ «አዎ ቲቸር» እየተባለ ከክፍል ወደ ክፍል ሲተላለፍ የኖረ ክፍተት ነው፤ ከእናንተም ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ያው ነው።

የአርባ ደቂቃው አጠቃቀም

አንድ ክፍለ ጊዜ በወረቀት 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ተማሪው ተሰብስቦ፣ ስም ተጠርቶ፣ ሰሌዳው ተጠርጎ ትምህርት እስኪጀመር ግን ከሰላሳ ብዙም አይተርፍም። ጀማሪ መምህር የዕለት ዕቅዱን ለአርባ ደቂቃ አውጥቶ ስለሚገባ ዘወትር ሳይጨርስ ደወል ይደወልበታል፤ ከዚያም ምዕራፉን ለመሸፈን ሲል መሮጥ ይጀምራል። ዕቅዳችሁን ለሰላሳ ደቂቃ አውጡ፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜም አንድ ዋና ሐሳብ ብቻ ይበቃል። የመምህሩ መምሪያ መጽሐፍ ከተገኘ ሳታነቡት አትግቡ፤ ብዙዎች የተማሪውን መጽሐፍ ብቻ ይዘው ይሠራሉ፤ ይህም ያልተፈለገ ድካም ነው።

ሰሌዳን በተመለከተ፣ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜያችሁ በፊት ባዶ ክፍል ገብታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ባሉ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን የሰሌዳውን አንድ ጎን እንዴት እንደሚያጠፋው የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። ሰሌዳውን በሦስት ከፍሉት፤ በግራ በኩል የዕለቱን ርዕስና አዳዲስ ቃላት እስከ መጨረሻው ሳታጠፉ አቆዩ፣ መሐሉን ለማብራሪያ፣ ቀኙን ለተማሪዎች ሥራ አድርጉት።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ሌላ ችግር አለ። አንዳንዱ ጀማሪ ደንቡን ለማክበር ሲል አንድም የአማርኛ ቃል ሳይናገር ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ ሁሉንም በአማርኛ ያስተምርና ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ ቃሉን ሳያውቀው ይቀራል። እኔ የምመክረው በዕለቱ ከስድስት የማይበልጡ ቁልፍ የእንግሊዝኛ ቃላትን በሰሌዳው ግራ ጽፎ ማስነበብ፣ ሐሳቡን አስቸጋሪ በሆነበት ቦታ በአማርኛ አብራርቶ ወዲያው በእንግሊዝኛ መድገም፣ ተማሪዎቹም መልሳቸውን አጠር ባለ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ማድረግ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስማቸውን አጥኑ። የአቀማመጣቸውን ሥዕል በአንድ ገጽ ላይ ሥሉና በየመቀመጫው ስም ጻፉ፤ «አንተ ከኋላ ያለኸው» ተብሎ የተጠራ ልጅና በስሙ የተጠራ ልጅ አንድ ዓይነት አይሰሙም። ሥዕሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ማንን እንደጠየቃችሁ ምልክት ስታደርጉበት፣ ሳታስቡት ሁልጊዜ የምትጠይቁት የፊት ረድፎቹን ወንዶች ብቻ መሆኑን ታዩበታላችሁ። ከኋላ በዝምታ የሚቀመጡት ሴቶች ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሳይጠየቁ ሊያልፉ ይችላሉ።

ሥርዓት፣ ወላጅና የዓመቱ መቁጠሪያ

ዱላን በሚመለከት ማመንታት አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው በግልጽ ደንግጓል። በገጠር «ዓይኑን ብቻ አደራ እንጂ ግረፉልኝ» የሚል ወላጅ ያጋጥማችኋል፤ በአክብሮት አድምጡትና ከዱላ ይልቅ ልጁን ማታ ማታ ለአንድ ሰዓት ከከብት ጥበቃና ከውኃ መቅዳት አሳርፎ እንዲያስጠናው ለምኑት። በክፍል ውስጥ ጸጥታ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ተማሪው የሚሠራው ነገር ሲያጣ ነውና፣ የምትገቡበት ደቂቃ ላይ ሰሌዳ ላይ የሚጠብቃቸው አጭር ሥራ ይኑር።

በእርሻ አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ስለሆነ ብዙ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ በከተማው ደግሞ ጥምቀት ሲደርስ የተማሪው ልብ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይሄዳል። ዓመታዊ ዕቅድ ስታወጡ ከባዱን ምዕራፍ በጥቅምት ወይም ከየካቲት በኋላ ለማዋል ሞክሩ፤ ቀሪ ተማሪዎች ሲመለሱም ከመቆጣት በፊት ያመለጣቸውን የሚያካክሱበት የማጠናከሪያ ጊዜ መድቡላቸው።

ባልደረባ፣ መዝገብና የሙያ ዕድገት

አዲስ ተቀጣሪ ጀማሪ መምህር ተብሎ ይመደባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሙያ ትውውቅ መርሐ ግብር ሊኖረውና አማካሪ መምህር ሊመደብለት ይገባል። አማካሪው ካልተመደበ ርዕሰ መምህሩን ጠይቁ፤ በወረቀት ብቻ ከተመደበም ራሳችሁ ቅረቡት። ከአማካሪ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ክፍሉ ገብቶ መታዘብ ነው፤ ከኋላ ተቀምጣችሁ ሲያስተምር እዩት፤ በሌላ ቀን እሱ መጥቶ እናንተን ይይ። አለመፍራት ያስፈልጋል፤ የሚታዘባችሁ ሰው ካላገኛችሁ እናንተ በማታዩት ልማድ ለዓመታት ትቀጥላላችሁ። ተሙማ የምንለው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ ሰነዱን ለሱፐርቫይዘር ለማሳየት ብቻ ከመሙላት ይልቅ ያንን የስሕተት ክምር የጥናታችሁ ርዕስ አድርጉት፤ ሥራው በክፍል የምትሠሩት ስለሆነ ተጨማሪ ሸክም አይሆንም።

የክፍል ኃላፊ ከሆናችሁ የሮስተር፣ ማለትም የክፍሉ ተማሪዎች ጠቅላላ ውጤት የሚሞላበት መዝገብ፣ ሥራ ይጠብቃችኋል። ማርክ ሊስቱን ፈተና በተሰጠ ሳምንት ውስጥ ሙሉ፤ በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ የስድሳ ልጅ ውጤት በአንድ ሌሊት ሲደመር የሚሳሳት ቁጥር የአንድን ልጅ ደረጃ ይለውጣል። ውጤቱን ወደ ሮስተር ከመገልበጣችሁ በፊት ለተማሪዎቹ አንብቡላቸው፤ ስሕተት ካለ መጀመሪያ የሚያገኙት እነሱ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን አንድ ተራ ደብተር ያዙ። በየምዕራፉ ትልቁ የስሕተት ክምር ምን እንደነበር፣ በምን ምሳሌ እንደተስተካከለ ወይም ሳይስተካከል እንደቀረ በሁለት ሦስት መስመር ጻፉበት። ሰኔ ላይ ክፍሉን ለሚረከበው መምህር አንድ ቅጂ ስጡት፤ እናንተም የምትረከቧቸውን ተማሪዎች አምና ያስተማራቸውን መምህር ፈልጋችሁ ምን እንዳስቸገራቸው ጠይቁት፤ የነገራችሁንም በዚያው ደብተር መጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍራችሁ የመስከረምን የመጀመሪያ ሳምንት ዕቅድ ከዚያ ተነሡና አውጡ።